አዲስ አበባ – ናይሮቢ፦ በአየር ወይስ በሞያሌ? ርቀቱ፣ ሰዓቱና ምርጫው

ከአዲስ አበባ ናይሮቢ ስንት ኪሎ ሜትር ነው? ስልኩን ከፍቶ የፈለገ ሰው አንዱ ጋ 1,160 አካባቢ፣ ሌላው ጋ 1,550 አካባቢ የሚል ያገኛል። ስንት ሰዓት ይፈጃል ብሎ የጠየቀም ከዚህ አይሻልም፤ የርቀት ማስያው አንድ ሰዓት ተኩል ይለዋል፣ ትኬቱ ላይ ሁለት ሰዓት ተጽፏል፣ መንገዱን የሚያውቅ ነጋዴ ደግሞ "ሁለት ሌሊት ታድራለህ" ይለዋል። ሁሉም እውነታቸውን ነው፤ የለኩት ነገር ግን አንድ አይደለም።

ወደ ናይሮቢ የሚሄደው ሰው ብዙ ዓይነት ነው። የኤምባሲ ቀጠሮ ያለበት አለ፣ የናይሮቢ የገበያ ሰፈር ኢስሊ ገብቶ ዕቃ የሚያይ አለ፣ ጊጊሪ በተባበሩት መንግሥታት ግቢ ስብሰባ የሚጠብቀው አለ፣ ዘመድ ጥየቃ የሚሄድ አለ። ለአንዱ የሚበጀው ለሌላው ላይበጅ ይችላል። ስለዚህ በመጀመሪያ በምን እንደምንመዝን እንስማማ። የትኬትና የታሪፍ ዋጋ በቁጥር አላስቀመጥኩም፤ ምንዛሪውም ነዳጁም በሚንቀሳቀስበት ጊዜ ዛሬ የተጻፈ ዋጋ ሳይውል ሳያድር ሰው ያሳስታል። ወጪው ከምን ከምን እንደሚሰበሰብ ግን ቀጥሎ አለ።

ቁጥሮቹ የሚለኩት ምንድን ነው?

1,160 የሚለው ቀጥታ የአየር መስመር ነው፤ ከቦሌ እስከ ጆሞ ኬንያታ ኤርፖርት። ቦሌ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ግድም ላይ ይገኛል። ናይሮቢ ወገቡን ተሻግራ ከ1 ዲግሪ ትንሽ አለፍ ብላ በስተ ደቡብ ናት። ወደ ምዕራብ ያላት ዝንባሌ ሁለት ዲግሪ እንኳ አይሞላም። ጉዞው ከሰሜን ወደ ደቡብ ስለሆነና ሁለቱ ሀገሮች የሚጠቀሙት የሰዓት ቀጠና አንድ ስለሆነ፣ ሰዓታችሁን ማስተካከል አያስፈልግም።

1,550 የሚለው የአስፋልቱ ርዝመት ነው። ከአዲስ አበባ ሞያሌ ከ770 እስከ 780 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ከሞያሌ ናይሮቢም ያንኑ ያህል ነው። ሞያሌ ድንበርም የመንገዱ እኩሌታም ናት። አስፋልቱ ከአየር መስመሩ በሦስተኛ እጅ ገደማ ይረዝማል ማለት ነው።

የበረራው ሰዓት ላይ ያለው መደናገር ሌላ ነው። የርቀት ማስያዎቹ "አውሮፕላን በሰዓት 800 ምናምን ኪሎ ሜትር ይሄዳል" ብለው ርቀቱን ያካፍሉና አንድ ሰዓት ተኩል ይሰጧችኋል። አውሮፕላን ግን ከቆመበት ተገፍቶ ይወጣል፣ ወደ ማኮብኮቢያው ያዘግማል፣ ተራ ይጠብቃል፣ ሽቅብ ሲወጣና ቁልቁል ሲወርድም ፍጥነቱ እንደ መሀሉ አይደለም። አየር መንገዶች ትኬት ላይ የሚጽፉት ከቆመበት ከተንቀሳቀሰበት ደቂቃ አንስቶ መድረሻው ላይ እስኪቆም ያለውን ነው። ሁለት ሰዓት፣ አንዳንዴም ሁለት ሰዓት ከሩብ የሚሆነው ለዚህ ነው።

በእጅ ለማስላት ለሚፈልግ ቀላል ዘዴ አለ፦ የአየሩን ርቀት በኪሎ ሜትር ለ800 አካፍሉ፣ የሚመጣውን ሰዓት ያዙና ግማሽ ሰዓት ወይም ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ጨምሩ። ለናይሮቢ ሁለት ሰዓት ይሰጣል። ለጅቡቲ 560 ኪሎ ሜትር ግድም ነውና አንድ ሰዓት ከ10 ደቂቃ አካባቢ ይሆናል። ለጆሃንስበርግ 4,050 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ አምስት ሰዓት ተኩል አካባቢ ይወጣል። ትኬት ላይ ከምታዩት ጋር ብዙ አይራራቅም። ወደ ምዕራብ ስትሄዱ ግን የመነሻና የመድረሻ ሰዓቱን ብቻ ቀንሶ መደሰት አይገባም። ሌጎስ ከእኛ በሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ናት፤ ከአዲስ አበባ በ09:00 የተነሳ በረራ እዚያ በ12:20 ቢደርስ ከመነሻ እስከ መድረሻ ያለፈው ጊዜ አምስት ሰዓት ከ20 ደቂቃ ነው።

ሰዓት ካነሳን አይቀር፦ ትኬቱ ላይ 08:15 ካለ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከሩብ ነው፤ ይሄ ማንንም አያሳስትም። የሚያሳስተው እኩለ ሌሊት ነው። "ማክሰኞ 00:30" የሚል ትኬት የያዘ ሰው ቦሌ መገኘት ያለበት ሰኞ ማታ ከ3 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ነው። ማክሰኞ ማታ ሻንጣውን እየጎተተ ቢመጣ በረራው ከሄደ ሃያ አንድ ሰዓት ሆኖታል። ኬንያ ውስጥም በስዋሂሊ ሲያወሩ ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛው ከንጋት ጀምረው ነው፤ በእንግሊዝኛ ሲሆን ግን እንደ ፈረንጅ ነው። ከታክሲ ነጂ ጋር ሰዓት ስትቀጥሩ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ሳታረጋግጡ ስልኩን አትዝጉ።

በምን እንመዝን?

አንደኛው መመዘኛ ከቤታችሁ ደጅ ወጥታችሁ ጉዳያችሁ ካለበት ደጅ እስክትደርሱ ያለው ሰዓት ነው፤ የበረራው ወይም የአውቶብሱ ሰዓት ብቻ አይደለም። ሁለተኛው ጠቅላላ ወጪ ነው፤ አልቤርጎው፣ ምግቡ፣ ታክሲውና ከሥራ የቀራችሁበት ቀን ሁሉ ይገባበታል። ሦስተኛው እርግጠኝነት ነው፦ ባላችሁት ቀን የመድረስ ዕድላችሁ ምን ያህል ነው? እኔ ከሁሉም በላይ የማየው ይሄንን ነው፤ ሰው ግን ዋጋ ካየ በኋላ ቶሎ ይረሳዋል። የሚይዙት ዕቃ ብዛት፣ የወረቀቱ ጣጣና የሰውነት ድካም ከዚያ ቀጥለው ይመጣሉ።

ቀጥታ በረራ

በመስመሩ ላይ የኢትዮጵያ አየር መንገድም ኬንያ ኤርዌይስም ይበርራሉ። የትኛው ይሻላል የሚለውን ትቼ የትኛው ሰዓት ይሻላል የሚለውን ልንገራችሁ፤ ልዩነት የሚያመጣው እሱ ነውና።

ስሌቱን በቀን እንየው። ከቤት ቦሌ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት። ለዓለም አቀፍ በረራ ሦስት ሰዓት ቀድሞ መገኘት። በረራው ሁለት ሰዓት። ናይሮቢ ወርዶ ኢሚግሬሽን ማለፍና ሻንጣ መቀበል አንድ ሰዓት ያህል። ከኤርፖርት ወደ ከተማ ደግሞ፣ መንገዱ ከቀናው ግማሽ ሰዓት፣ ካልቀናው አንድ ሰዓት ተኩል። ሲደመር ከሰባት እስከ ስምንት ሰዓት ተኩል ነው። በአየር ላይ የምትሆኑት ከጠቅላላው ሩቡን ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህ ትኬት ስትመርጡ በረራው በአሥር ደቂቃ አጠረ ረዘመ ብላችሁ አትጨነቁ። የቀረው ሦስት አራተኛ ጊዜ የሚያጥረውም የሚረዝመውም በምትነሱበትና በምታርፉበት ሰዓት ነው።

ጆሞ ኬንያታ ኤርፖርት ከመሀል ናይሮቢ 15 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጠዋል። የሚያስገባው የሞምባሳ መንገድ ሠራተኛ በሚገባበትና በሚወጣበት ሰዓት ይቆማል። በ2022 እ.ኤ.አ. የተከፈተው፣ ከምሎሎንጎ እስከ ዌስትላንድስ 27 ኪሎ ሜትር የሚሄደው ባለ ክፍያ የፍጥነት መንገድ ብዙ አቅልሏል፤ ታክሲው በላይ ይሂድ በታች፣ የመንገድ ክፍያውን ማን ይክፈል የሚለውን ግን ሳትነሱ ተነጋገሩ። ጉዳያችሁ ጊጊሪ ከሆነ ሰፈሩ ከኤርፖርቱ አንጻር የከተማዋ ሌላኛው ጫፍ ነው። የአሜሪካና የካናዳ ኤምባሲዎችም፣ የተባበሩት መንግሥታት ጽሕፈት ቤትም እዚያው ናቸው። ጠዋት አርፎ ከሰዓት በፊት ጊጊሪ እደርሳለሁ የሚል ዕቅድ በወረቀት ላይ ያምራል። በክረምት ቦሌ ጉም የሚተኛበት ጠዋት መኖሩን ጨምሩበት።

ሻንጣ የሚፈቀደው እንደ ትኬቱ ዓይነት ነው። በኢኮኖሚ ክፍል የተለመደው አንድ ወይም ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ ነው። ሁለት ትኬት ስታወዳድሩ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን የሻንጣውን መስመር አንብቡ፤ ለዘመድ በርበሬና ሽሮ የያዘ ሰው ርካሹን ትኬት ገዝቶ የትርፍ ኪሎ ክፍያው ከውድ ትኬቱ ሊያስበልጥበት ይችላል። በርበሬ ካልን ደግሞ፦ ኬንያ ከነሐሴ 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፌስታል ከልክላለች። ሽሮውን በፌስታል ጠቅልላችሁ ከሄዳችሁ ኤርፖርት ላይ ፌስታሉን አውልቃችሁ ትጥላላችሁ፤ የቀረውን አስቡት። ጨርቅ ከረጢት ወይም ክዳን ያለው ዕቃ ይሻላል።

ወረቀቱ ቀላል ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ለአጭር ቆይታ ኬንያ ለመግባት ቪዛ አያስፈልገውም። ፓስፖርቱ ቢያንስ ስድስት ወር የሚቆይ ይሁን። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ያዙ፤ ክትባቱ የሚጸናው ከተወጋችሁ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ የጉዞው ዋዜማ ላይ መሮጥ ዋጋ የለውም። ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ አንድ ጊዜ የተወጋ ሰው ካርዱ ዕድሜ ልክ ያገለግለዋል፤ "አሥር ዓመት አልፎታልና ድገም" ቢሏችሁ አትቀበሉ። የመመለሻ ትኬትና የምታርፉበትን አድራሻ ሊጠይቋችሁ ስለሚችሉ በእጃችሁ ይሁን። ማህተሙ ሲመታ ስንት ቀን እንደተጻፈላችሁ ከመስኮቱ ሳትርቁ እዩት።

በትርፍ ነገር ልያዛችሁና፣ በቀን ከሄዳችሁ መስኮት ጋ ተቀመጡ። ቀጥታው መስመር በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች በላይ ያልፋል፤ ናይሮቢ ሲቃረብ ሰማዩ ከጠራ የኬንያ ተራራ በግራ በኩል ይታያል።

በሞያሌ በኩል

ይሄ መንገድ እንደ ድሮው አይደለም። የኬንያው ወገን ከሞያሌ እስከ ኢሲዮሎ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ግድም ለብዙ ዘመን ድንጋይና አቧራ ነበር፤ የጭነት መኪና ሁለት ሦስት ቀን የሚፈጅበት፣ በአጀብ የሚታለፍ። አሁን ከጫፍ እስከ ጫፍ አስፋልት ነው። ሞያሌ ላይም ሁለቱ መንግሥታት በታኅሣሥ 2020 እ.ኤ.አ. የጋራ የድንበር መቆጣጠሪያ መርቀዋል። "ሞያሌን እርሳው" የሚል ምክር የሰማችሁት ከቆየ ሰው ከሆነ ምክሩም ቆይቷል። የቀረ ችግር የለም ማለት ግን አይደለም።

ጉዞው ሁለት ቁራጭ ነው። የመጀመሪያው ከቃሊቲ መናኸሪያ ገና ሳይነጋ ይጀምራል። ከሞጆ ወደ ባቱ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ ከተከፈተ ወዲህ የመጀመሪያዎቹ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ቀልለዋል። ሻሸመኔና ሐዋሳን አልፋችሁ ዲላ ስትቃረቡ መንገዱ በቡናና በእንሰት መሀል መጠማዘዝ ይጀምራል፤ ፍጥነቱም ይወርዳል። ይርጋጨፌ፣ ቡሌ ሆራ፣ ከዚያ ያቤሎ። ከያቤሎ ወዲህ ሌላ ሀገር ነው፦ ቀይ አፈር፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ የምስጥ ኩይሳ፣ ግመል። ሞያሌ ለመድረስ በመኪና ላይ ብቻ 13 ሰዓት ያህል ይወስዳል። በሌሊት ስለማይነዳ አብዛኛው መንገደኛ ዲላ፣ ቡሌ ሆራ ወይም ያቤሎ ያድራል። ምርጫው ካላችሁ ያቤሎ እደሩ፤ በማግስቱ ጠዋት ሞያሌ ለመድረስ የሚቀራችሁ 200 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፣ ድንበሩን በብርሃን ትሻገራላችሁ።

በጉጂ በኩል ባለፉት ዓመታት በነበረው የጸጥታ ችግር መንገዱ የተቋረጠባቸው ጊዜያት አሉ። ስለዚህ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት በዚያው ሳምንት በመንገዱ የመጣ ሰው ጠይቁ። ትኬት ሻጩን መጠየቅ አይበቃም፤ እሱ ሁሌም ሰላም ነው ይላችኋል።

ሞያሌ ስትወርዱ ከምታዩት ሁሉ ቀድሞ የሚከባችሁ ደላላ ነው። "ፓስፖርትህን ስጠኝ፣ እኔ አስመታልሃለሁ" የሚል አለ፤ አትስጡ። ሻንጣውን የሚሸከምላችሁን ዋጋ ተነጋግራችሁ ያዙ፣ መቆጣጠሪያው ግቢ ግን በራሳችሁ እግር ግቡ። መውጫውንም መግቢያውንም አንድ ቦታ ስለሚጨርሱት ሥራው ረጅም አይደለም። ማየት ያለባችሁ ሁለት ማህተም ነው፦ ከኢትዮጵያ የወጣችሁበትና ኬንያ የገባችሁበት። አንዱ ከጎደለ እዚያው ተመልሳችሁ አስመቱ። ሞያሌ ከተማ በሁለቱም ሀገር ስለተዘረጋ፣ ነዋሪው ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ አይታችሁ እናንተም ዝም ብላችሁ የምታልፉ ሊመስላችሁ ይችላል። ማህተም ሳይመቱ የተሻገሩ ሰዎች ዋጋውን የሚከፍሉት ሞያሌ ላይ አይደለም፤ መቶ ኪሎ ሜትር ወደ ውስጥ ከገቡ በኋላ ኬላ ላይ ነው።

ኬላው ብዙ ነው። ይሄ መስመር ያለ ሕጋዊ ወረቀት ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚሄዱ ወጣቶቻችን የሚያልፉበት ስለሆነ የኬንያ ፖሊስ በአበሻ ፊት ላይ ዓይኑን ይጥላል። ፓስፖርቱ በአውቶብሱ ሆድ በገባው ሻንጣ ሳይሆን በኪሳችሁ ይሁን። የቆይታችሁን ምክንያት የሚያሳይ ወረቀት፣ የቀጠሮ ደብዳቤም ይሁን የሆቴል፣ ከእሱ ጋር አብሮ ይቀመጥ።

ሌላው ሞያሌ ላይ የሚለወጠው የመንገዱ ጎን ነው፤ እኛ በቀኝ እንነዳለን፣ ኬንያ በግራ ነው። የተለመደውም አውቶብስ መቀየር ነው። መንገድ ስታቋርጡ ልማዳችሁ በተቃራኒው በኩል እንደሚያሳያችሁ አስታውሱ፤ በተለይ ልጅ የያዘ። የኬንያው አውቶብስ ብዙውን ጊዜ አመሻሽ ላይ ተነስቶ በማርሳቢትና በኢሲዮሎ አድርጎ ሌሊቱን ይሄዳል፤ ከ12 እስከ 14 ሰዓት ይፈጃል። ማርሳቢት ከፍታ ቦታ ስለሆነ ሞያሌ ላይ ያላባችሁ ሰዎች ሌሊት ጋቢ ትፈልጋላችሁ። ንጋት ላይ ኢስሊ ትወርዳላችሁ፤ አማርኛና ኦሮምኛ የሚሰማበት፣ ቁርስ እንጀራ የሚገኝበት ሰፈር ነውና ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

ስለዚህ ሰኞ ከሌሊቱ 11 ሰዓት የተነሳ ሰው ሁሉም ከቀናው ረቡዕ ጠዋት ይደርሳል፤ ሁለት ሙሉ ቀን። ደርሶ መልሱ አራት ቀን ይወስዳል። ወጪው ሁለት የአውቶብስ ትኬት፣ አንድ ሌሊት አልቤርጎ፣ ወደ ስድስት ጊዜ ምግብ፣ የተሸካሚና የባጃጅ ነው። ተደምሮም ከአየር ትኬቱ በብዙ ያነሰ ነው። በቀን ገቢ የሚሠራ ሰው ግን አራቱን የመንገድ ቀኖች በገንዘብ ይተምናቸውና እንደገና ያወዳድር፤ ልዩነቱ የሚጠብበት ብዙ ሰው አለ።

በራስ መኪና የሚያስብ ካለ፦ ሊብሬ፣ ለጊዜው ለማስገባት የሚያስፈልገው የጉምሩክ ወረቀትና ኢንሹራንስ መሟላት አለባቸው። ለኢንሹራንሱ ሁለቱም ሀገሮች የኮሜሳ (የምሥራቅና የደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ) ቢጫ ካርድ አባል ስለሆኑ ከራሳችሁ መድን ድርጅት ማውጣት ይቻላል። ለሁለት ቀን ጉዳይ ይሄን ሁሉ መልፋት አያዋጣም፤ ለወራት ለሚቆይ ቤተሰብ ሊያስኬድ ይችላል።

በሦስተኛ ከተማ በኩል

ኢንተርኔት ላይ ትኬት ስትፈልጉ አንዳንዴ በኢንቴቤ ወይም በሌላ ከተማ የሚያዞር ትንሽ የረከሰ ትኬት ብቅ ይላል። በኢንቴቤ በኩል የአየሩ ርቀት 1,220 እና 520 ኪሎ ሜትር፣ በድምሩ 1,740 ግድም ይሆናል። በአየር ላይ ያለው ጊዜ ሦስት ሰዓት ተኩል እንኳ ባይሞላም፣ መሀል ላይ ያለው ጥበቃ ቀኑን ይበላዋል። ሁለት በረራ ማለት ሻንጣ የሚጠፋበትና የሚዘገይበት ዕድል ሁለት ጊዜ ማለት ነው። መሀል ከተማው ላይ ጉዳይ ከሌላችሁ አልመክረውም፤ ዝርዝር ውስጥ መግባትም አያስፈልግም።

ጎን ለጎን ሲታይ

| መመዘኛ | ቀጥታ በረራ | አውቶብስ በሞያሌ | በሦስተኛ ከተማ |
|---|---|---|---|
| ርቀት | 1,160 ኪ.ሜ ግድም | 1,550 ኪ.ሜ ግድም | 1,740 ኪ.ሜ ግድም (በኢንቴቤ) |
| በተሽከርካሪው ላይ የሚያልፈው ጊዜ | 2 ሰዓት ግድም | 25–27 ሰዓት | 3 ሰዓት ከሩብ ግድም |
| ከደጅ እስከ ደጅ | 7–8 ሰዓት ተኩል | 2 ቀን | እንደ ጥበቃው፤ ቀኑን ይጨርሳል |
| ወጪ | ከፍተኛ | ዝቅተኛ (የአልቤርጎና የምግብ ይጨመራል) | ከቀጥታው ትንሽ ያነሰ፣ ሁሌ አይደለም |
| ባሉት ቀን የመድረስ እርግጠኝነት | ጥሩ | ደካማ | መካከለኛ |
| ዕቃ | በኪሎ የተወሰነ | ሰፊ፤ የጉምሩክ ፍተሻ አለ | በኪሎ የተወሰነ |
| የወረቀት ቁጥጥር | ኤርፖርት ላይ | ድንበር ላይና በየኬላው | ሁለት ኤርፖርት |
| ድካም | ቀላል | ከባድ | መካከለኛ |

ለማን የቱ?

የኤምባሲ ወይም የሕክምና ቀጠሮ ያለው ሰው በአውሮፕላን ይሂድ፤ ቢያንስ በዋዜማው ይድረስ። ወራት የተጠበቀ ቀጠሮን ያቤሎ ላይ በተበላሸ አውቶብስ ማጣት፣ በትኬት የተቆጠበው ገንዘብ አይክሰውም። አቅም ካጠረ መሄጃውን በአየር፣ መመለሻውን በሞያሌ ማድረግ ይቻላል፤ ስትመለሱ የሚያስቸኩል ነገር የለምና። ይህን ስታስቡ ግን የመሄጃ ብቻ ትኬት ብዙ ጊዜ የደርሶ መልሱ ግማሽ እንዳልሆነ አይታችሁ ወስኑ፤ አንዳንዴ ቁጠባው እዚያው ያልቃል። ኢሚግሬሽኑም በምን እንደምትመለሱ ሊጠይቅ ይችላል።

ነጋዴ ከሆናችሁ መልሱ በምን ላይ እንደምትነግዱ ይለያያል። ዋጋ አይቶ ናሙና ይዞ የሚመለስ ሰው በአየር ሄዶ በሦስተኛው ቀን ሥራው ላይ ቢገኝ ይሻለዋል። ድንበሩን ራሱን ማጥናት ለሚፈልግ ግን፣ ማለትም የጉምሩኩን አሠራር፣ የጭነቱን ዋጋ፣ የሞያሌን ገበያ፣ አንድ ጊዜ በመኪና መሄድ የሚያስተምረውን አየር አያስተምረውም።

ተማሪና ወጣት፣ ሳምንት ትርፍ ጊዜ ያለውና መንገድ የሚወድ፣ በሞያሌ ይሂድ፤ ቦረናን በመስኮት ማየት ብቻውን ይበቃል። መጋቢትና ሚያዝያ በሁለቱም ወገን ዝናብ የሚጥልበት ወቅት ስለሆነ የሚቻል ከሆነ ያን ጊዜ ዝለሉት። ሕፃን የያዘች እናት፣ አዛውንት፣ ወገብ የሚያመው ሰው በአየር ይሂድ፤ ይሄ ክርክር አያስፈልገውም።

ከውጭ ለሚመጡ ወገኖች ስሌቱ ሌላ ነው። ከዋሽንግተን፣ ከሮም ወይም ከዱባይ ተነስቶ ናይሮቢ የሚሄድ ሰው አዲስ አበባ ላይ ቀይሮ ሁለት ሰዓት ቢጨምር ይደርሳል። ከኒውዮርክ ደግሞ ኬንያ ኤርዌይስ ከጥቅምት 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቀጥታ ናይሮቢ ይበርራል። ቤተሰብ ለማየት አዲስ አበባ ጥቂት ቀን መቆየት ለሚፈልግ የመጀመሪያው፣ ለጉዳይ ብቻ ለሚሄድ ሁለተኛው ይቀናል። የአሜሪካ ፓስፖርት የያዘ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ኬንያ ለመግባት ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቀድሞ በኢንተርኔት የጉዞ ፈቃድ መውሰድ አለበት፤ አብሯችሁ የሚሄደው ዘመዳችሁ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ስላለው ሳይጠየቅ ቢያልፍ እናንተ አታልፉም።

ለእነዚህ መንገደኞች አንድ ነገር ልጨምር። እስከ አዲስ አበባ አንድ ትኬት፣ ከአዲስ አበባ ናይሮቢ ሌላ ትኬት ለየብቻ የገዛ ሰው ሻንጣው ቀጥታ ናይሮቢ ላይሄድለት ይችላል። ቦሌ ላይ ወጥቶ ተቀብሎ እንደገና ማስመዝገብ አለበት። ለመውጣት ደግሞ የኢትዮጵያ ቪዛ ወይም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ያስፈልገዋል። የመጀመሪያው በረራ ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጠውም ሁለተኛውን ትኬት የሸጠው ድርጅት ሌላ ቦታ የመስጠት ግዴታ የለበትም። ሁለቱን ለየብቻ መግዛት ካለባችሁ በመሀላቸው ቢያንስ አምስት ስድስት ሰዓት ተዉ፤ በአንድ ትኬት ከሆነ ግን አየር መንገዱ ራሱ የሚያገናኘው የሁለት ሰዓት ክፍተትም ይበቃል።